ሐዘኗ የት ገባ?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በውሰት በሚገኝ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዎች ወንበር አስጠግተው ተቀምጠዋል። ማኅበር አይደሉም፤ ማኅተምም የላቸውም። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ ሁለቱ ገና ተማሪዎች። የሚያገናኛቸው ሁሉም አጭር ልብ ወለድ መጻፋቸው ነው። ደንባቸው አጭር ነው፦ ጽሑፉን ያነበበ ሰው ሌሎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ አፉን አይከፍትም። መከላከል ክልክል ነው። «እዚህ ጋ ለማለት የፈለግሁት…» ብሎ የጀመረ ሰው ይሳቅበታል።

ያን ቀን ተራው የአንድ ወጣት ነበር። ጽሑፉን በስልኩ ጽፎ ወረቀት ላይ አሳትሞ መጥቷል። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፦

«ወይዘሮ አስካለ በጣም አዝና ነበር። ቤቷ ቀዝቃዛና ጨለማ ነበር። ልጇ ወደ ዓረብ አገር ከሄደ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። በየቀኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ትጠብቅ ነበር። ጎረቤቶቿም ያዝኑላት ነበር። ሕይወት ለእሷ ትርጉም አልነበራትም።»

ካነበበ በኋላ መጀመሪያ የተናገሩት ብዙ ዓመት ጋዜጣና መጽሐፍ ሲያርሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። «ስድስት ዓረፍተ ነገር አነበብክልን» አሉት፣ «ስድስቱም አንድ ቦታ ላይ ወደቁ። ሰማኸው?»

አልሰማውም። እንደገና እንዲያነብ አደረጉት፤ አሁን ግን የየዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል ብቻ። ነበር፣ ነበር፣ ነበር ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ። ነርሷ ቀጥላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰርዝ አለችው። ይህን ጊዜ ደንቡን ረሳና፣ «ታዲያ ሐዘኗ የት ገባ?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱን አንተ ፈልገህ አምጣ» አሉት ጋሼ። «ቤቷ ውስጥ የሆነ ዕቃ ላይ ይኖራል።»

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ክብደቱን የሚያሳርፈው መጨረሻው ላይ ነው። ማን ምን እንዳደረገ፣ ከዚያም አልፎ አድርጎ እንደሆነ ወይም ሳያደርግ እንደቀረ፣ አንባቢ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ግሱ ሲመጣ ነው፤ ግሱ ደግሞ የሚመጣው አራት ነጥቡ አጠገብ ነው። ስለዚህ ያ ቦታ የዓረፍተ ነገሩ ውድ ቦታ ነው። በየጊዜው አንድ ዓይነት ቃል ከተቀመጠበት አንባቢው መጠበቁን ይተዋል። ዓይኑ ገጹ ላይ ቢሄድም ጆሮው ተዘግቷል። ሌላው የቋንቋው ጸጋ «ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ» እያለ ድርጊትን በድርጊት ላይ የሚያስከትለው አካሄድ ነው። በደንብ ሲያዝ ትንፋሽ ያስረዝማል፤ ሲለቀቅ ደግሞ አንድ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ቢሮው እስኪደርስ አንድም ነገር ሳይሆን ግማሽ ገጽ ያልቃል። ከብርሃኑ ዘርይሁን ቁርጥ ቁርጥ ያለ፣ የጋዜጣ ሙያ የሞረደው ዓረፍተ ነገርና ከሐዲስ ዓለማየሁ ረጅም ዓረፍተ ነገር የቱ ይሻላል ብሎ መከራከር ትርፍ የለውም። ሁለቱም የት እንደሚቆሙ ያውቃሉ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ወጣቱ ይህን ይዞ መጣ፦

«አስካለ ሦስት ሲኒ ደረደረች። ቡና የሚጠጡት ሁለት ናቸው። ሦስተኛውን አንሥታ ወደ ረከቦቱ ስር ልታስገባው ካለች በኋላ መልሳ ቦታው አኖረችው። ‹ዛሬስ ደወለ?› አለች ጎረቤቷ። ‹እዚያ ኔትወርክ አይሠራም አሉ› አለችና እሳቱን ማራገብ ጀመረች። ከሰሉ ግን ቀድሞውንም ፍም ሆኖ ነበር።»

ሐዘኗ ሲኒው ላይ ነበር። ጨለማው፣ ቅዝቃዜው፣ የጎረቤቶቹ ሐዘኔታ፣ የሕይወት ትርጉም፣ ሁሉም ተሰርዘዋል፤ ማንም አልናፈቃቸውም። ከስድስቱ «ነበር» አንዱ ብቻ ተርፏል፣ እሱም ሥራ አግኝቷል። ከሰሉ ፍም ከሆነ ማራገብ አያስፈልግም። ሴትዮዋ የምታራግበው እጇንና ዓይኗን የምታሳርፍበት አጥታ ነው። ይህን ደራሲው አልነገረንም፤ ያ ዘግይቶ የመጣ ግስ ወደ ኋላ ተመልሰን እንድናያት አደረገን። እኔ ራሴ ያን ክፍል የሄድኩት እንዲህ ያለ ነገር አያለሁ ብዬ አልነበረም። የጠበቅሁት መወዳደስ ነበር።

ስለ ድርሰት ስናወራ መወዳደስና ስለ መክሊት ማንሣት ይቀናናል። «ተሰጥኦ አለው» እንላለን፤ «ብዕሩ የተባ ነው» እንላለን። ምስጋናው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚሸፍነው ነገር ግን ብዙ ነው። ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደተቀደደ፣ ማን ፊት እንደተነበበ፣ ምን እንደወጣለት አይነግረንም።

በዓሉ ግርማ ይህንን የጓዳ ሥራ በአደባባይ ሠርቶታል። በ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል»ን አሳተመ። በታሪኩ ውስጥ ሐዲስ ሳህሌ የሚባል ወጣት መምህር በዓሉ ራሱ ወደተወለደበት ሱጴ፣ ኢሉባቦር ውስጥ፣ ለማስተማር ይሄዳል። መጽሐፉ ተሸጠ፣ ተነበበ። ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚያው ላይ ይተወው ነበር። በዓሉ ግን በመካከሉ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ንና «ደራሲው»ን ጽፎ፣ በ1975 ዓ.ም. ወደዚያው ታሪክ ተመልሶ እንደገና ጻፈው። ርዕሱንም «ሀዲስ» አለው። ይኸው ዓመት «ኦሮማይ» የወጣበት መሆኑን ስናስብ፣ ሰውየው በአንድ እጁ በጊዜው እጅግ አደገኛ የሆነውን መጽሐፍ፣ በሌላው የወጣትነት ሥራውን እርማት ይዞ ነበር ማለት ነው።

ልብ ወለድ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ ከማንበብ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ገና ከሽፋኑ ይጀምራል። የመጀመሪያው ርዕስ ሐሳብ ነው፣ ደወሉ እንዲያነቃን ታስቦ የተሰቀለ። ሁለተኛው የአንድ ሰው ስም ነው። ደራሲው ከመልእክቱ ወደ ሰውየው ቀርቧል። ዘመኑም፣ ሳንሱሩም ተለውጦ ስለነበር ለውጡ ሁሉ የጥበብ ብቻ ነው አልልም። ግን መጽሐፍ ታትሞም ረቂቅ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ በአማርኛ አላገኘሁም።

ከሌላ ጆሮ ፊት ቀርቦ መታረም ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ዕድሜው ከልብ ወለዳችን እጅግ ይረዝማል። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ ተማሪው ቀን ቀን ብቻውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ገደል ጥግ ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል። ደበሎውን ተከናንቦ፣ ቃሉን ከቃል፣ ቤቱን ከቤት እያስማማ ይውላል። ከዚያ ነገራ ይመጣል፦ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። መምህሩ ዜማው ከጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ አገባቡ ከተፋለሰ እዚያው ያርማል፣ ጓደኞቹም እየሰሙ። የትናንቱን ዛሬ መልሶ ማምጣት ነውር ነው። ደግሞም ማንም ከላይ አይጀምርም። መግቢያው ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። እሱ ሲሞላለት ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ጋ እስኪደርስ ብዙ መታረም አለ።

ልብ ወለዳችን ይህን ጉባኤ አልወረሰም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረየሱስ «ጦቢያ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነው የታተመው፣ ከየትኛውም ጉባኤ ርቆ። ልብ ወለድ ከጅምሩ የብቻ ሥራ፣ ጸሐፊውና ማተሚያ ቤቱ ብቻ የሚተያዩበት ሥራ ሆነ። ዛሬ አንድ ወጣት ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት መወድስ ይጀምራል፤ ማለትም አንዲት የአምስት ገጽ ታሪክ በወጉ ሳይቋጭ አራት መቶ ገጽ ይጽፋል። የሚያርመውም የለም። የሐዲስ ዓለማየሁ ነገር ለየት የሚለው አንድም በዚህ ይመስለኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ከኋላቸው የጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ነበረ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ያን መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው መኪና አቁመው ያዳመጡ ሰዎች ዛሬም ያወራሉ። የወጋየሁ ችሎታ እንዳለ ሆኖ፣ ድምፁ የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ ያዘጋጀው ጽሑፉ ነው። ያ ሁሉ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለአፍ አልከበደም።

ስለዚህ የቅዳሜዎቹ ሰዎች ጮክ ብለው ማንበባቸው ጨዋታ አይደለም። ምልልስ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ነገሩ ይከርራል።

አማርኛ ለምልልስ ጸሐፊ የሰጠው አንድ መሣሪያ አለ፤ ብዙዎች ሲያባክኑት አያለሁ። ሰው ሰውን «አንተ» ብሎ ወይም «እርስዎ» ብሎ ነው የሚጠራው፣ መሐል ላይ መቆም አይቻልም። ሃያ ዓመት «አንተ፣ አንቺ» ሲባባሉ የኖሩ ባልና ሚስት አሉ እንበል። አንድ ማታ እሱ አምሽቶ ሲገባ እሷ፣ «እራትዎ ቀርቧል» ትለዋለች። አለቀ። «በቁጣ ተናገረች» ማለት አያስፈልግም፤ «ፊቷ ተለዋወጠ» ማለትም አያስፈልግም። ከዚህ በኋላ እሱ የሚመልሰው እያንዳንዱ ቃል አደጋ ላይ ነው። ወይም ደግሞ ዓመታት «እትዬ፣ እርስዎ» ስትል የኖረች የቤት ሠራተኛ፣ ሻንጣዋን በር ላይ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ትበል። አንድ ቃል ለውጣ የቤቱን ሥርዓት አፈረሰችው።

ነገር ግን ያችው «እራትዎ ቀርቧል» በዘመነ መሳፍንት ገጠር ውስጥ ምንም ላትል ትችላለች፤ ባሏን «እርስዎ» ማለት ወግ በሆነበት ቤት ቁጣው ያለው «አንተ» ውስጥ ነው። መቼት የሚባለው ነገር የተራራና የወንዝ ዝርዝር ብቻ የሚመስላቸው እዚህ ላይ ይወድቃሉ። በዘመኑና በሰፈሩ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ያላወቀ ደራሲ ሰዎቹን ማነጋገር አይችልም።

ስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ውስጥ የውቤ በረሃን ሰዎች ያናገረበት መንገድ ብዙ ወጣት አሳስቷል፤ ጥፋቱ የስብሐት አይደለም። ሲያነቡት ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራ ስለሚመስል፣ እንዳወሩ መጻፍ የሚበቃ ይመስላቸዋል። እውነተኛ ወሬ ቢቀዳና ወረቀት ላይ ቢገለበጥ ግን አይነበብም፤ በ«እ…»፣ በ«ምን ነበር እሱ?» እና በድግግሞሽ የተሞላ ነው። ስብሐት ወሬውን አጣርቶ ነው ወሬ ያስመሰለው። ዳኛቸው ወርቁም «አደፍርስ» ውስጥ ታሪኩን ከሞላ ጎደል በሰዎች ንግግር ላይ አቁሞታል፤ ከዚህ የተነሣ አንባቢው እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ማን እያወራ እንደሆነ በአነጋገሩ እንዲለይ ይገደዳል። መጽሐፉ ሲወጣ ብዙ አንባቢ የተቸገረበት ይህ ይመስለኛል። የአዳም ረታ ተከታዮች ደግሞ በልብ ወለዶቹ የሚጠቀምበትን የግርጌ ማስታወሻ ወስደው ትዕግሥቱን ትተውታል። (ይህን ስል ከቅዳሜዎቹ ሁለቱ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ።)

ከምልልስ ቀጥሎ ክፍሉን የሚያጨቃጭቀው ስብከት ነው። ልብ ወለዳችን ምክርን ከአባቶቹ ወርሷል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም»ን ሲያሳትሙ አውሮፓ ተምሮ የተመለሰውን አወቀን ያስነሡት አገር እንዲሻሻል ነበር፤ ዓላማቸውንም አልደበቁም። ለዘመናቸው ልክ ነበሩ። ዛሬ ግን አንባቢ ተራኪው ከገጸ ባሕርያቱ ትከሻ በላይ ብቅ ብሎ ሲመክረው ገጹን ይዘላል።

መፍትሔው ሐሳብን ከልብ ወለድ ማባረር ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ ጉዱ ካሳ አለና። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ደራሲው ስለ ባላባት ሥርዓት፣ ስለ ዘር ኩራት የሚያምኑትን ከባድ ሐሳብ ያሸከሙት ለእሱ ነው። ያሸከሙበትን መንገድ ተመልከቱ። መጀመሪያ ሰውየውን አገሬው «ጉዱ» ብሎ እንዲስቅበት አደረጉ። ዘመዶቹ ያፍሩበታል። የሚናገረው ለሚሰሙት ሰዎች አይደለም፣ ለሚንቁት ነው። ስለዚህ ሐሳቡ በተነገረ ቁጥር ተናጋሪውን ዋጋ ያስከፍለዋል፤ አንባቢም ከምክሩ ይልቅ የሰውየው ዕጣ ያሳስበዋል። አንድ ገጸ ባሕርይ እውነት ሲናገር ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ የሚነቀንቁ ከሆነ ያ ቦታ መድረክ ሆኗል፣ ታሪክነቱ ቀርቷል። የባንክ ሠራተኛው ስለ ሙስና የጻፈውን ታሪክ ይዞ ሲመጣ የተነገረው ይኸው ነው፦ ጻድቁን ሒሳብ ሹም ቢያንስ አንድ ጊዜ አስዋሸው። ሁለት ሳምንት አኩርፎ ቀረ። ሲመለስ ሒሳብ ሹሙ ለእናቱ ዋሽቶ ነበር፤ ታሪኩም ነፍስ ዘርቷል።

እዚህ ላይ አርታዒ የሚባለው ሙያ ይነሣል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አርታዒዎች ነበሩት፤ ሳንሱሩም አብሮ ነበረና ዘመኑን መናፈቅ አይቻልም። ዛሬ አብዛኛው ደራሲ የማተሚያውን ገንዘብ ራሱ ፈልጎ፣ መጽሐፉን ራሱ አዟሪ ጋ አድርሶ ነው የሚሸጠው። ወረቀት ተወድዷል። ከበጀቱ መጀመሪያ የሚሰረዘው የአርታዒ ክፍያ ነው፤ የማይሰረዘው የምረቃው ዝግጅት ነው። ውጤቱን ገዝተን እናነበዋለን፦ ገጽ አርባ ላይ የሞተች አክስት ገጽ መቶ ሃያ ላይ ቡና ታፈላለች። የቅዳሜው ዓይነት ክብ የአርታዒን ቦታ አይተካም፤ ነገር ግን አክስትየዋ መሞቷን የሚያስታውስ ሰው አይጠፋበትም።

ጉባኤም አርታዒም ለሌለው ሰው የሚቀረው ትርጉም ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ረጅም ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰ። ወረቀት አልነበረም፤ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ስስ ወረቀት ላይ ነው። ወደ 3,000 የሚጠጉ ቁርጥራጮች ፈጅቶበታል፤ እነሱም በሚፈቱ እስረኞች እጅ ተሰውረው ወጡ። ከዓመታት በኋላ ተሰባስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ታሪኩን ብዙ ሰው የጽናት ምሳሌ አድርጎ ያነሣዋል፤ እውነት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን እዚያች ወረቀት ላይ የተደረገው ነገር ነው። ቦታ በሌለበት የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አስቦ ነው የሚያስቀምጠው። ደግሞም የሌላ ደራሲ ትዕይንት እንዴት እንደሚከፈት፣ ሰው ወደ ክፍል እንዴት እንደሚገባ፣ ጠብ በየትኛው ቃል እንደሚጀመር ከተርጓሚ በላይ ቀስ ብሎ የሚያይ አንባቢ የለም።

የቅዳሜዎቹ ሰዎች ከዚህ የቀዱት ልምምድ አላቸው፣ ለዚያውም ከአማርኛ ወደ አማርኛ። ከታደሰ ሊበን «መስከረም» ወይም «ሌላው መንገድ» አንድ አጭር ታሪክ ይመርጣሉ። ሁለቱም በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወጡ፣ የዘመናዊው አጭር ልብ ወለዳችን መነሻ ተደርገው የሚጠቀሱ ስብስቦች ናቸው። ታሪኩን ሁለት ጊዜ ያነባሉ፣ መጽሐፉን ይዘጋሉ፣ ከሦስት ቀን በኋላ በራሳቸው ቃላት ይጽፉታል። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተው ያስተያያሉ። ረስተውት የቀረ ነገር ብዙ አያሳስባቸውም። የሚፈልጉት የእነሱ ጽሑፍ ከታደሰ የረዘመበትን ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ማብራራት ጀምረዋል ማለት ነውና። ነርሷ የራሷን ስታስተያይ የሚረዝመው ሁልጊዜ ሰው ሲያለቅስ ሆኖ አገኘችው። ሥራ ቦታዋ ላይ ሰው ሲያለቅስ በየቀኑ የምታይ ሴት ናት፤ ይህ ግን ወረቀት ላይ አልጠቀማትም። በዚህ ወር የያዘችው ታሪክ ውስጥ ማንም እንዳያለቅስ ወስናለች።